ግሉኮሱ ያወፍራል እንዴ?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ሰዎች፣ በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

የምጽፍላችሁ ከኮዬ ፈጬ ነው። እዚህ ጋዜጣ አዟሪ እንደ ፒያሳና አራት ኪሎ በየደጁ አይዞርም፣ ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ሳሪስ ላይ ገዝቶ ነው የሚያመጣልኝ፣ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ቀን አልፎት ነው የማነበው፣ ስለዚ ዘግይቼ ስጽፍ እንዳትታዘቡኝ። በከተማው ዳር ዳር ጂም ቤቶች እየበዙ ነው ብላችሁ ያወጣችሁትን አንብቤ ደስ ብሎኛል፣ እኔም ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ያለ አንድ ጂም ውስጥ ሴቶችን ማሠልጠን ከጀመርኩ 6 ዓመት ሆኖኛልና ነገሩ እንጀራዬ ነው። ግን አንድ ነገር ሳይነሳ ቀረ። እኛ ጋ የምትመጣ ሴት በሩን ከመግፋቷ በፊት ስልኳ ላይ ወራት ቆይታ ነው የምትመጣው፣ እዛ ስለገዛ ሰውነቷ ምን ሲባልላት እንደከረመ ማንም አልጻፈም፣ እኔ ደሞ በየቀኑ የማየው እሱን ነው።

ከቅርቡ ልጀምር። እናትየውን አስፈቅጄ ነው የምጽፈው። ባለፈው መስከረም፣ እንቁጣጣሽ ካለፈ ሳምንት እንኳ አልሞላም፣ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ስኳት እያሠራኋት ሦስተኛው ዙር ላይ ዝልፍልፍ ብላ እጄ ላይ ወደቀች። ከንፈሯ አመድ መስሏል፣ እጇ በረዶ ሆኗል። ቁርስ ሳትበላ መጥታ ነው ብዬ ነበር፣ እሱ ብዙ ጊዜ ያጋጥመናል፣ ትንሽ ነቃ ስትል ስኳር በውሃ በጥብጠን ልንሰጣት ብንል ጥርሷን ነክሳ ፊቷን አዞረች። በባጃጅ ክሊኒክ አደረስናት። ነርሷ ደም ሥር እስክታገኝ ሦስት ቦታ ወጋቻት፣ ሰውነቷ ውስጥ ውሃ የሚባል አልቀረም ነበር። ግሉኮሱ ግማሽ ሲደርስ ዓይኗን ገለጠች፣ ከላይ የተሰቀለውን ላስቲክ አየችውና የት እንዳለች እንኳ ሳትጠይቅ ቀስ ብላ "ኮች፣ ግሉኮሱ ያወፍራል እንዴ?" አለችኝ።

እናትየው ነጠላዋን እንደነገሩ ጣል አድርጋ እየሮጠች መጣች፣ መጀመሪያ የተቆጣችው እኔን ነው፣ "የኔ እህት፣ አደራ ብዬ የሰጠሁሽን ልጅ ምን አደረግሽብኝ?" ስትለኝ መልስ አልነበረኝም። ቁጭ ብለን ስናወራ ነው ነገሩ የወጣው። ልጅቷ ፍልሰታን ጾማለች፣ እናት ደሞ ልጄ መንፈሳዊ ሆነችልኝ ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ በደስታ ተናግራለች፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አትቀምስም፣ ከዘጠኝ በኋላም ሽሮዋን ሁለት ጉርሻ ብላ ትነሳለች፣ "ጾም አይደል እማ" ትላለች በቃ። ጾሙ ተፈታ፣ ዶሮው ተሠራ፣ "ሆዴን አሞኛል" መጣ። ለእንቁጣጣሽም ያው። ከክሊኒክ መልስ ቤት ሲፈተሽ ፍራሿ ሥር "ማክሻ ሻይ" የሚሉት ነገር ሁለት ፓኮ ተገኘ፣ አንዱ ባዶ።

የገዛችው ቲክቶክ ላይ ካየችው ሰው ነው፣ አንዱን 1,800 ብር፣ ከምሳና ከታክሲ ገንዘቧ አጠራቅማ፣ በቴሌብር ልካ፣ ዴሊቨሪው ትምህርት ቤት በር ላይ አምጥቶ ሰጣት። የሰውየውን ስም አልጽፍም፣ እሱ አካውንቱን ቢዘጋ ነገ በሌላ ስም ይከፍታል። ቪዲዮውን አሳይታኛለች። አንዲት ሴት ጠባብ ሱሪ ለብሳ መስታወት ፊት ቆማለች፣ ላይዋ ላይ በትልቁ "10 ኪሎ በ10 ቀን! ያለ ስፖርት፣ ያለ ዳይት" ተጽፏል፣ ከዛ ደስ የሚል የወንድ ድምፅ "እህቴ፣ እስከመቼ ተሸፋፍነሽ ትኖሪያለሽ?" ይላታል። እህቴ ብሎ ነው የሚጠራት! ይቺ ልጅ ሰኔ ላይ እኛ ጋ ስትመዘገብ 52 ኪሎ ነበረች፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ62 ነው፣ ምንም የማይተርፈው ምንም የማይጎድለው ሰውነት። የወደቀች ቀን 43 ነበረች። እና ስልኳን ከእጇ ተቀብዬ ዝም ብዬ ወደ ላይ ሳንሸራትት፣ ሩብ ሰዓት ያህል፣ አንዱ ቪዲዮ ቦርጭ፣ ሌላው ወገብ፣ ሌላው "ጠዋት ይሄን ጠጪ"፣ በመሃል አንድ ቀልድ ወይ አንድ ዘፈን፣ ከዛ ተመልሶ ቦርጭ። እነዚህ አፖች የሚሠሩት እንደዛ ነው፣ አንዱ ላይ ትንሽ ቆየት ካልሽ ወደድሽው ብሎ አምስት ተመሳሳዩን ያመጣልሻል፣ ያስፈራሽው ይሁን የወደድሽው አይለይም። የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ኩባንያ ራሱ ይሄን አጥንቶ ያውቅ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ያፈተለኩት የውስጥ ሰነዶቹ ከሦስት ታዳጊ ሴቶች የአንዷን ስለሰውነቷ የሚሰማትን መጥፎ ስሜት እናባብሳለን የሚል ነገር አለባቸው።

ፋርማሲ የምትሠራ ጎረቤቴ ፓኮውን ገልብጣ አየችልኝ። አማርኛ የለውም፣ የአስመጪ ስም የለውም፣ በደቃቅ ፊደል ከተዘረዘሩት ቅጠሎች መሃል ግን ሰናመኪ አለ። ሰናመኪን እናቶቻችን ያውቁታል፣ ሆድ ሲደርቅ ጥቂት ተፈልቶ የሚጠጣ፣ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው። የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው፣ ከበላነው ውስጥ ጉልበት የሚሆነው ደሞ በአብዛኛው ገና ትንሹ አንጀት ላይ እያለ ተመጥጦ ያልቃል፣ ስለዚ ሰናመኪ ጠራርጎ የሚያወጣው ውሃና ጨው ነው፣ ስቡ ካለበት አይነቃነቅም። በማግስቱ ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ሲቀንስ "ሠራልኝ" ትላለች፣ ውሃ ስትጠጣ ይመለሳል፣ ሲመለስ ሌላ ፓኮ ታዛለች። ከውሃው ጋር ፖታሲየም አብሮ ይወጣል፣ እሱ ሲጎድል ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምት ይዛባል፣ ሐኪሙም ለእናትየው ያስረዳት ይሄንኑ ነው። ይሄ እንግዲህ ውስጡ ያለው የታወቀው ነው። ውጭ አገር "ንጹህ ዕፅዋት" ተብለው ከሚሸጡ ማክሻዎች ውስጥ ሲቡትራሚን የሚባል መድኃኒት ተደብቆ የተገኘባቸው ብዙ ናቸው፣ ለልብና ለስትሮክ ያጋልጣል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓም ከአሜሪካም ገበያ የወጣ መድኃኒት ነው።

"10 ኪሎ በ10 ቀን" ያለውን ደሞ ለልጅቷ ነጭ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አሳይቻታለሁ፣ ለናንተም ልጻፈው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ውስጥ ወደ 7,700 ካሎሪ አለ። አሥር ኪሎ ማለት 77,000 ነው። አንዲት ሴት ተነስታ፣ ሠርታ፣ ተኝታ በቀን የምታቃጥለው ወደ 2,000 አካባቢ ነው። ስለዚ አሥር ቀን ሙሉ እህል ሳትቀምስ፣ ውሃ ብቻ እየጠጣች ብትከርም 20,000 ነው፣ ሦስት ኪሎ ስብ እንኳ አይሞላም። የቀረው ሰባት ኪሎ ከየት መጣ? ወይ ውሃ ነው፣ ወይ ጡንቻ ነው፣ ወይ ውሸት ነው። ልጅቷ በሒሳብ ጎበዝ ናት፣ ሰሌዳውን ለረጅም ሰዓት አየችው፣ ከዛ "ታዲያ ቲቸር ለምን አልነገረንም?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ካሎሪን በባዮሎጂ ተምራዋለች፣ ግን ከስልኳ ጋር ያገናኘላት ሰው አልነበረም።

አሁን ስለራሴ ልናገር፣ ይሄን ሳልናገር ሌላውን ብወቅስ ትክክል አይመጣም። ከሦስት ዓመት በፊት የጂሙ ባለቤት "ሌሎቹ ቢፎር ኤንድ አፍተር እየለጠፉ ደምበኛ ወሰዱብን፣ አንቺም አንድ አምጪ" አለኝ። አንዲት ከወለደች አምስት ወር የሆናት እናት ነበረች፣ አንድ ወር በነጻ ትሥሪ ሲላት እሺ አለች። ሁለቱም ፎቶ የተነሳው በአንድ ጠዋት ነው፣ በ40 ደቂቃ ልዩነት። መጀመሪያ ቁርስ አብልተን፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አጠጥተን፣ ትከሻዋን ጥላ፣ ሆዷን ለቃ፣ ፀጉሯን ሳታበጥር፣ የጣራው አምፖል ከፊት እየመታት፣ የሱሪዋን ላስቲክ ከሆዷ ሥር ዝቅ አድርገን አነሳናት። ከዛ ፑሽ አፕና ፕላንክ አሠራኋት፣ ጡንቻው በደም ሞላ፣ ቅባት ቀባናት፣ ታይቱን እስከ እምብርቷ በላይ ሳብ አድርገን፣ ከበሩ በኩል የሚገባው ብርሃን በጎን እንዲመታት ትንሽ ዘወር አልናት፣ "ትንፋሽሽን ያዢ" አልኳት፣ ስልኩን ዝቅ አድርጌ አነሳሁ። ሥሩ ላይ "በ2 ወር" ተብሎ ተጻፈ። እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ በዚህ እጄ።

ፎቶው በጣም ሠራ። ሴቶች ስልካቸውን ይዘው እየመጡ "ይሄን ሆድ ነው የምፈልገው" ይሉኝ ነበር። ከነሱ አንዷ፣ ሦስት ልጆች ያሏት፣ ገበያ ውላ የምትመጣ ሴት፣ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳትቀር ሠራች፣ ጉልበቷ የሚያማት ተወት፣ እንቅልፏ ተስተካከለ፣ ደረጃ ስትወጣ የሚያለከልካት ቀረ። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ግን መስታወቱ ፊት ቆማ ሹራቧን ገልጣ ሆዷን አየችና "እኔ ላይ ምን ጎደለ? እሷ በ2 ወር ሆነላት፣ እኔ ሰነፍ ነኝ ማለት ነው" አለችኝ። ምን ልበላት? ያኔ ልነግራት ይገባ ነበር፣ አልነገርኳትም፣ ዝም ብዬ "በርቺ" አልኳት። ከዛ ወዲህ አልመጣችም። ስልክ ደወልኩ አታነሳም። እስካሁን ታክሲ ተራው ላይ የምትመስላት ሴት ሳይ ልቤ ድንግጥ ይላል። በሽታው ጥሎ የሄደ፣ ጉልበቷ የዳነ ሴት ራሷን ተሸናፊ አድርጋ ነው ከኛ ቤት የወጣችው፣ እኔ ባነሳሁት ፎቶ ምክንያት።

እዚህ ጋ ነው ዋናው ነገሬ። ሻይ ሻጩም፣ "የ21 ቀን ቻሌንጅ" ሻጩም፣ ቦርጭ ማጥፊያ ቀበቶ ሻጩም እቃው ካልሠራ ተመልሶ የሚጠየቅበት መንገድ የለም፣ ምክንያቱም ገዢዋ ራሷን ነው የምትጠይቀው። ድስት ገዝተሽ ቢያፈስ ሱቁ ድረስ ሄደሽ ትጨቃጨቂያለሽ፣ ማክሻ ገዝተሽ ካልከሳሽ ግን ድስቱ አንቺ ነሽ፣ ያፈሰሰው አንቺ ነሽ፣ ዲሲፕሊን የለሽም፣ ማታ በልተሻል፣ በደንብ አልጠጣሽም። ኮሜንት ላይ "አልሠራልኝም" ብላ የጻፈችን ሴት ሻጩ ምን ብሎ እንደመለሰላት አይቻለሁ፣ "እህቴ ቁርጠኝነት ይጠይቃል" ነው ያላት፣ ሌሎቹ ሴቶችም ከሥር ላይክ አድርገውለታል። ስለዚ ገንዘብ ይመለስልኝ የሚል የለም፣ ሁለተኛ የሚገዛ ነው ያለው።

ቀበቶውን ካነሳሁ አይቀር፣ እሱ ሲያላብሽ የሚወርደው ላብ ነው፣ ፈሳሽ ነው። ሆድ ላይ ብቻ ስፖርት በመሥራትም የሆድ ስብ ለብቻው አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1971 ለዓመታት ቴኒስ የተጫወቱ ሰዎችን ለክተው ነበር፣ ራኬት የሚይዘው እጃቸው ጡንቻው ገዝፏል፣ ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ግን ከሌላኛው እጃቸው አልቀነሰም። በቀን 200 ሲት አፕ የምታዝዝ ልጅ ይሄን ብታውቅ ጥሩ ነበር።

የሚገርመኝ ደሞ ይሄ ነገር ድሮ የኛ አልነበረም። እናቴ ሰው ስታመሰግን "ወፈር ብለሻል፣ አምሮብሻል" ነበር የምትለው፣ "ከሳሽ" ከተባለ ምን ደረሰባት፣ ታማ ነው ወይስ አዝና ነው ተብሎ ይጠየቃል። አሁን እዛው ሰፈር፣ እዛው ቡና ላይ፣ "ወፈርሽ እኮ" ሲባል ሰው ፊቱ ይቀየራል። ፊጂ የሚባለው የደሴቶች አገር ላይ የሆነው ይሄው ነው። እዛም ወፈር ያለ ሰው የተከበረ ነበር፣ ምግብ አብዝቶ ማብላት የፍቅር ምልክት ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ቴሌቪዥን ወደ አንድ ክፍለ ሀገር ገባ፣ በገባ በሦስት ዓመቱ ትምህርት ቤት ያሉ ሴቶች ልጆች ሲጠየቁ 11.3 በመቶዎቹ ለመክሳት ብለው የበሉትን እንደሚያስታውኩ ተናገሩ፣ በ1995 ሲጠየቁ እንደዛ ያለች አንድም አልነበረችም። ያ እንግዲህ ሳሎን ተቀምጦ ማታ ማታ የሚከፈት ቴሌቪዥን ነው፣ ይሄኛው ትራስ ሥር አብሮ ያድራል። እና ደሞ እኛ ጋ የድሮውም አልለቀቀን፣ አዲሱም መጣብን፣ ማክሻ የሚሸጠው የቴሌግራም ቻናል ራሱ ዝቅ ሲሉ ማወፈሪያ እንክብልና ዳሌ ማሳደጊያ ቅባት ይሸጣል። ቀጭኗም ጉድለት አለባት፣ ወፍራሟም ጉድለት አለባት፣ ከገዢነት የሚያመልጥ ሴት የለም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ አራሶቹ ላይ የሚደረገው ነው። ገንፎና አጥሚት በቅቤ እየተሠራ፣ ጎረቤቱ እየገባ እየወጣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" በሚባልበት ሰዓት፣ አልጋ ላይ ሆና ስልኳን ስትከፍት "የወሊድ ቦርጭሽን በ2 ሳምንት" ይላታል። የምታጠባ እናት ጭራሽ ከሌላ ጊዜ በላይ ወደ 500 ካሎሪ ተጨማሪ ምግብ በቀን ያስፈልጋታል። ሆዷ ደሞ ወጣ ብሎ የሚታየው ስብ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ በእርግዝናው ወቅት መሃል ለመሃል ያሉት የሆድ ጡንቻዎች ተራርቀው ስለሚቆዩም ነው፣ ያ ደሞ ቀስ እያለ፣ በትንፋሽና በቀላል እንቅስቃሴ ነው የሚጠጋው፣ ቸኩላ ሲት አፕ ከጀመረች ሊብስባት ይችላል። አንዷ ደምበኛዬ ጡቷ ደረቀብኝ ብላ ያለቀሰችው ለስድስት ሳምንት ምሳ ዘልላ ነው።

እኔ ራሴ ከጂም በፊት ሯጭ ነበርኩ፣ ክለብ ውስጥ፣ ሰንዳፋ ነበር የምንሠራው። በየሳምንቱ እንመዘን ነበር፣ ግማሽ ኪሎ የጨመረች ልጅ በሰልፉ ፊት ስሟ ይጠራል። 19 ዓመቴ ላይ ስምንት ወር የወር አበባዬ ጠፋ፣ ለማንም አልተናገርኩም፣ ጎበዝ የሆንኩ ነበር የመሰለኝ፣ አብረውኝ የሚሮጡት ልጆችም እንደዛው ነበሩ። ከዛ ቅልጥሜ ላይ አጥንቴ ተሰነጠቀ፣ የሩጫ ሕይወቴም በዚያው አለቀ። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ለዚህ ነገር ስም አወጣለት፣ ሰውነት ከሚያወጣው ጉልበት ያነሰ ምግብ ሲያገኝ አጥንትም፣ የወር አበባም፣ ልብም፣ ስሜትም ይጎዳል፣ ወንዶችንም ጭምር። ሚዛን ፊት የቆመች ልጅ ሳይ የማየው እኔን ነው፣ ለዚህ ነው ይሄን ያህል የምጽፈው።

ወንዶቹም አልቀሩም። ከኛ ጂም ማዶ ያሉ ጎረምሶች ደሞዛቸውን ግማሽ ለፕሮቲን ዱቄት ይሰጣሉ፣ አንዳንዱ "ማስ እንዲይዝ" ተብሎ በመርፌ የሚሰጠው ምን እንደሆነ እንኳ አይጠይቅም። ስቴሮይድ ከሆነ የደም ግፊት ያመጣል፣ ዘር ፍሬን ያኮማትራል። ሽሮና ምስርም ፕሮቲን ነው ስላቸው አያምኑኝም።

ስፖርት ይቅር እያልኩ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ትልቅ ሰው በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፣ ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል፣ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድም ያስቆጥራል። እዚህ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ 20 ሊትር ጀሪካን የምታወጣ ሴት 20 ኪሎ ተሸክማ ደረጃ እየወጣች ነው፣ እና መጥታ "ሰውነቴ ምንም አይሠራም" ትለኛለች! ጀርባሽን ቀጥ አድርገሽ፣ ከጉልበትሽ ነው እንጂ ከወገብሽ አትነሺ ብዬ ጀሪካኑን ራሱን አስይዤ ነው አሁን የማሠራቸው፣ በሁለተኛው ሳምንት "ትናንት ሳላርፍ ወጣሁ" ስትለኝ የሚሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም።

ሌሎች አገሮች ዝም ብለው አላዩም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2017 ጀምሮ የሞዴልን ሰውነት አቅጥኖ ወይ አወፍሮ የነካካ የንግድ ፎቶ "የተነካካ ፎቶ" የሚል ጽሑፍ እንዲለጠፍበት ታዛለች፣ ኖርዌይም ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ኢንፍሉዌንሰሮቹን ጭምር ታስገድዳለች። እኛም ጋ ሕግ የለም አይባልም፣ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የቢራ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲነሳ ሁላችንም አይተናል፣ ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው። "10 ኪሎ በ10 ቀን" ብሎ ለ16 ዓመት ልጅ ሰናመኪ የሚሸጥ ሰው ስልክ ቁጥሩንና ቴሌብሩን ራሱ ለጥፎ እያለ ፈልጎ የሚይዘው እንዴት ይጠፋል?

ከናንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። ጤና ገጻችሁ ላይ አንድ ሐኪምና አንድ የሥነ ምግብ ባለሙያ ስለነዚህ ሻዮችና እንክብሎች ለእናቶች በሚገባ አማርኛ ይጻፉ፣ እናቶች ጋዜጣ ያነባሉ፣ ባያነቡ ልጆቻቸው ያነቡላቸዋል። ሌላው፣ ራሳችሁም ማስታወቂያ ስትቀበሉ የጂም ቢፎር ኤንድ አፍተር ይዞ የሚመጣን ሰው ሁለቱ ፎቶ መቼ መቼ እንደተነሳ ጠይቁት። የኛን ፎቶ እኔ ከግድግዳው አንስቼዋለሁ፣ ከገጹ ላይም እንዲጠፋ ባለቤቱን ለምኜ አስጠፍቻለሁ፣ ፎቶ የተነሳችውን ሴትም ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ እሷም ዘመዶቿ እንዴት ቀነስሽ ብለው ሲጠይቋት መዋሸት ሰልችቷት ነበርና ተቃቅፈን አለቀስን።

ልጅቷ ደህና ናት፣ አሁን 47 ገብታለች፣ ክትትል ላይ ናት። ስፖርት ለጊዜው ከልክለዋታል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣና ሂሳብ መመዝገቢያው ጋ ተቀምጣ ታግዘኛለች፣ እናቷ ቆሎ በላስቲክ ቋጥራ ትሰጣታለች፣ እየቆረጠመች ነው የምትጽፈው፣ አንዳንድ ቅዳሜ ግን እንደተቋጠረ ይመለሳል።

ፓኮዎቹን አልጣልኳቸውም። ባዶውም ያልተከፈተውም መሳቢያዬ ውስጥ አሉ፣ ውስጡ ያለውን ማስመርመር ከፈለጋችሁ እኔ ራሴ ቢሯችሁ ድረስ አመጣላችኋለሁ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ክላስ የለኝም። ስሜን ግን እባካችሁ አታውጡት፣ ለራሴ ፈርቼ ሳይሆን በኔ በኩል ልጅቷ ሰፈር ውስጥ እንዳትታወቅ ነው።

አክባሪያችሁ፣
አሠልጣኟ፣ ከኮዬ ፈጬ